የአቮካዶ እርሻ በኮምቦልቻ ዙሪያ፦ ስንት ያስወጣል? መቼስ ይመልሳል?

የአቮካዶ ማሳዬ ከኮምቦልቻ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። አንድ ጥማድ ናት፤ ብዙ አይደለችም። ከመንገድ ስለምትታይ ግን አላፊ አግዳሚው ቆሞ ይጠይቃል፤ ለቅሶ ቤት ሳይቀር «እስቲ የአቮካዶውን ነገር ንገረን» የሚል አይጠፋም። ሁሉም የሚያስቀድመው ጥያቄ «ስንት ያተርፋል?» የሚለው ነው። እኔ «መቼ ያተርፋል?» ብለው ቢጀምሩ ደስ ይለኛል። በዚህ ሥራ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ፍሬው ዋጋ አጥቶበት ሳይሆን፣ ፍሬው እስኪደርስ ድረስ አቅሙ አልቆበት ነው።

ከዚህ በታች በብር የተቀመጠው ቁጥር ሁሉ ለስሌት ያህል የያዝኩት ነው። የችግኝ፣ የቀን ሠራተኛና የኪሎ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ እርስዎ በሚኖሩበት ቦታ ባለው የዕለቱ ዋጋ እየተኩ ያስሉት።

የምኖረው ደሴ ነው፤ ግቢዬም ሰፊ ነው። እዚያው ማልማት ያዋጣል?

ለቤት የሚሆን አንድ ሁለት ዛፍ ይትከሉ። ለገበያ ግን አልመክርም። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ናት፤ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ተቀምጣለች። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ 650 ሜትር ሽቅብ መውጣት ማለት ወደ 4 ዲግሪ የሚጠጋ ቅዝቃዜ መጨመር ነው። የሐረጎን ዳገት ሲወጣ መስኮት የሚዘጋ ተሳፋሪ ሁሉ ይህን በቆዳው ያውቀዋል።

አቮካዶ ውርጭ አይችልም። ቅጠሉ ቢተርፍ እንኳ አበባው ይጎዳል። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ አበባው የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ሰዓት ይዛባል፤ ንቡም ከቀፎው አይወጣም። ዛፉ ያብባል፣ ይረግፋል፣ ፍሬ አይቋጥርም። ደሴ ላይ የግድ መትከል ከፈለጉ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ጥግ ይምረጡ፤ ዝርያውም ከሃስ ይልቅ ብርድን በተሻለ የሚቋቋሙት ቤከን ወይም ፉዌርቴ ይሁን። ሽያጭ የሚያስቡ የደሴ ሰዎች መሬት መፈለግ ያለባቸው ቁልቁል በኮምቦልቻና በቃሉ ወረዳ በኩል ነው። ወደ ሐርቡ ሲወርዱ ሙቀቱ ይጨምራል፤ የውሃው ፍላጎትም አብሮ ይጨምራል።

በአንድ ጥማድ ስንት ዛፍ ይገባል?

በእኛ አካባቢ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ስለሆነ አንድ ጥማድ 2,500 ካሬ ሜትር ነው። በዛፍና በዛፍ መካከል 7 ሜትር ከተተወ 51 ዛፍ ይገባል። 6 ሜትር የሚተዉም አሉ፤ ያኔ ወደ 69 ይደርሳል። ነገር ግን ዛፉ ሲያድግ ቅርንጫፉ ይጋጠማል፣ ጥላው ፍሬውን ወደ ላይ ያሸሸዋል፣ መግረዙም ለቀማውም ጣጣ ይሆናል። እኔ 7 ሜትሩን እመርጣለሁ። ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማሳው ባዶ መስሎ ይታያል፤ እሱን በሌላ ሰብል መሸፈን ይቻላል።

እሺ፣ ከተከላ እስከ መጀመሪያው ለቀማ ስንት ያስወጣል?

51 ዛፍ ይዘን እንቁጠር። በተከላው ዓመት የሚደርቅ አይጠፋምና ለመተኪያ 5 ችግኝ እንጨምር፤ 56 ይሆናል። የተዳቀለ ችግኝ (ከሚያፈራ ዛፍ የተወሰደ ቅርንጫፍ የተጋጠመበት) አንዱ 200 ብር ቢሆን 11,200 ብር ነው።

ጉድጓዱ በሁሉም በኩል 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ሲቆፈር የላዩ 30 ሳንቲ ሜትር አፈር ለብቻው፣ የታቹም ለብቻው ይከመራል፤ ሲተከል የላዩ አፈር ከተብላላ ፍግ ጋር ተደባልቆ ወደ ሥሩ ይገባል። አንድ ሰው በቀን 6 ጉድጓድ ቢቆፍር 9 ቀን ይወስድበታል። የቀን ሠራተኛ በ400 ብር ሲታሰብ 3,600 ብር ይመጣል። ለየጉድጓዱ 20 ኪሎ የተብላላ ፍግ ብናስገባ አንድ ቶን ነው፤ ከነማጓጓዣው 3,000 ብር እንያዝለት። ለመትከል፣ ችካል ለመቸከልና ጉዝጓዝ ለማልበስ 2,000 ብር። ማሳው 50 ሜትር በ50 ሜትር ከሆነ ዙሪያው 200 ሜትር ነው፤ ያለ አጥር የተተከለ አቮካዶ ለፍየል የተዘጋጀ ቀለብ ስለሆነ ለአጥሩ 10,000 ብር ይቀመጥ። ለበርሜል፣ ለጎማ ቧንቧና ለመገጣጠሚያ 15,000 ብር። የተከላው ድምር 44,800 ብር ሆነ።

ብዙ ሰው ስሌቱን እዚህ ላይ ያቆማል። ዋናው ወጪ ግን ከዚህ በኋላ ነው። ውሃ ማጠጣት በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ቢወስድ፣ ዝናብ በማይኖርባቸው 32 ሳምንታት 32 ቀን ይሆናል። ለአረምና ለፍግ 8 ቀን ጨምረን 40 ቀን እንበለው፤ ይህ በዓመት 16,000 ብር ነው። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ለፍግና ለልዩ ልዩ 4,000 ብር ሲጨመርበት በዓመት 20,000 ብር ይሆናል። እንግዲህ የተከላው 44,800፣ የመጀመሪያው ዓመት እንክብካቤ 16,000፣ የቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት 60,000፤ እስከ አራተኛው ዓመት መጨረሻ ጠቅላላው 120,800 ብር።

ከዚህ ውስጥ 69,600 ብሩ ጉልበት ነው። ከግማሽ በላይ! ቤተሰቡ ራሱ ከሠራው ከኪስ የሚወጣው 51,200 ብር ብቻ ነው። ያ ማለት ግን ጉልበቱ ነፃ ነው ማለት አይደለም። ልጅዎ በእነዚያ 40 ቀናት ሌላ ቦታ ሠርቶ ሊያመጣው የሚችለው ገንዘብ አለ፤ በደብተርዎ ላይ ይጻፉለት።

ከገበያ የበላሁትን ፍሬ ዘሩን ብተክል ወጪው አይቀንስም?

ከላይ ያለውን ድምር ይመልከቱ፤ ችግኙ 11,200 ብር ነው፤ ከ120,800 ብሩ አስረኛ እጅ እንኳ አይሞላም። እሱን ለማዳን ብለው የቀረውን ዘጠኝ እጅ አደጋ ላይ ይጥላሉ። ከዘር የበቀለ አቮካዶ እስኪያፈራ 6 እና 8 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስጠብቃል፤ ሲያፈራም እናቱን ይምሰል አይምሰል አይታወቅም። የተዳቀለው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ማፍራት ይጀምራል፤ ፍሬውም የታወቀ ነው።

ይህን የምለው ስለተጎዳሁበት ነው። በጅምሬ 12 ችግኝ በመኪና ጭኖ ከሚዞር ሻጭ ላይ «የተዳቀለ ነው» ተብዬ ገዛሁ። ቅጠላቸው የሚያምር፣ ቁመታቸው ከሌሎቹ የበለጠ ነበር። አጠጣኋቸው፣ ጎዘጎዝኩላቸው። ስድስት ዓመት ሙሉ ቅጠል ብቻ ለቀምኩ። አሁን ችግኝ ሳይ መጀመሪያ የማየው ግንዱን ነው። ከአፈሩ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ሁለት ቅርፊት የተጋጠመበት ጠባሳ መኖር አለበት፤ ከበታቹና ከበላዩ ያለው ቅርፊት ቀለሙ ትንሽ ይለያያል፣ ግንዱም እዚያ ላይ ጎበጥ ይላል፤ ብዙ ጊዜም የታሰረበት ላስቲክ ቁራጭ ይገኝበታል። ጠባሳው ከሌለ የሻጩ መሐላ አይጠቅምም። ፕላስቲኩንም ከሥር ገልበጥ አድርገው ይዩት፤ ሥሩ ተጠምዝዞ ኳስ የሠራ ችግኝ ማሳ ገብቶም አይዘረጋም።

ውሃ ምን ያህል ይፈልጋል? በዝናብ ብቻ አይሆንም?

አይሆንም። ክረምታችን ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ነው፤ በልጉ ደግሞ አንድ ዓመት ይመጣል፣ አንድ ዓመት ይቀራል። የአቮካዶ መጋቢ ሥሮች አብዛኞቹ ከላይኛው ግማሽ ሜትር አፈር አይወርዱም፤ ላዩ ሲደርቅ ዛፉ ከታች የሚስበው የለውም።

ለአንድ ለጋ ችግኝ 20 ሊትር በሳምንት ሁለት ጊዜ እንያዝ። 51 ችግኝ ማለት በሳምንት 102 ጀሪካን ነው። አህያ በአንድ ጉዞ ሦስት ጀሪካን ብትይዝ 34 ጉዞ። እስቲ ይህን ከወንዙ እስከ ማሳዎ ያለውን ዳገት እያሰቡ ይቁጠሩት። ያውም ለጋ ሳሉ ነው፤ ፍሬ የያዘ ትልቅ ዛፍ በሙቀት ወራት ከዚህ ብዙ እጥፍ ይጠጣል። ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መጀመሪያ የምመልሰው «ውሃህ የት ነው?» በሚል ጥያቄ ነው። በስበት የሚወርድ ምንጭ፣ የመስኖ ቦይ ወይም የጉድጓድ ውሃ ከፓምፕ ጋር ከሌለዎት ችግኙን አይግዙ፤ ውሃው ይቅደም። በውሃ እጥረት ሰው ስሌቱን አስተካክሎ ሲከስር ማየት ያሳዝነኛል።

ጉዝጓዝ ይርዳዎታል። የማሽላ አገዳ፣ የጤፍ ጭድ፣ የደረቀ ሣር ከግንዱ አንድ ስንዝር አርቀው ዙሪያውን ቢያለብሱት እርጥበቱ ይቆያል። ለከብት የሚሰጥ ጭድ ለዛፍ መስጠት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ አረሙን ራሱን ነቅለው ቢያነጥፉትም ይሠራል።

መሬቴ ዋልካ ነው። ይሆናል?

በቦርከና ወንዝ ዳር ያለው ሜዳ ብዙው ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል። አቮካዶን ከምንም በላይ የሚገድለው ሥር አበስባሽ በሽታ የሚወደው እንዲህ ያለውን ቦታ ነው። ጉድጓድ ቆፍረው በውሃ ይሙሉትና በማግስቱ ይዩት፤ ውሃው እዚያው ከተኛ መሬቱ እምቢ እያለዎት ነው። ሌላ መሬት ከሌለዎት ከጉድጓድ ይልቅ አፈሩን ግማሽ ሜትር ያህል ቆልለው በቁልሉ ላይ ይትከሉ፤ የጎርፍ መውረጃ ቦይም ያውጡ። ገራም ተዳፋት ያለው ቀይ ወይም ቡናማ አፈር ካለዎት ግን ሜዳውን ለጤፍ ይተዉት።

ወጪዬን የምመልሰው በስንተኛው ዓመት ነው?

ከ51 ዛፍ 48ቱ በሕይወት ቢቆዩ፣ ምርቱም በዛፍ በአራተኛው ዓመት 10 ኪሎ፣ በአምስተኛው 20፣ በስድስተኛው 35፣ በሰባተኛው 50፣ ከስምንተኛው ጀምሮ 60 ኪሎ ቢሆን ብለን እንነሳ። ከአምስተኛው ዓመት ጀምሮ ለቀማው ሲጨመር የዓመት ወጪው 25,000 ብር ይሁን።

ማሳ ላይ ኪሎው 30 ብር ሲሸጥ አራተኛው ዓመት 14,400 ብር ያስገባል። አምስተኛው 28,800 ያስገባል፤ ወጪው ሲቀነስ የሚተርፈው 3,800 ብቻ ነው። ስድስተኛው 25,400፣ ሰባተኛው 47,000 ብር ያተርፋል። ይህ ሁሉ ተደምሮም በሰባተኛው ዓመት መጨረሻ ገና 30,200 ብር ይጎድላል። ዕዳው የሚዘጋው በስምንተኛው ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 61,400 ብር ይተርፋል።

ኪሎው 40 ብር ቢሆን በሰባተኛው ዓመት ያልቃል። 20 ብር ቢወርድ ግን እስከ አሥረኛው ዓመት ይጎትታል። ከ30 ብር ላይ ዐሥር ብር ብትቀንስ ሁለት ዓመት ታራዝማለች። ስለዚህ ስሌት ሲሠሩ በሚመኙት ዋጋ ሳይሆን ገበያው ሲጠግብ ባዩት ዝቅተኛ ዋጋ ይሥሩት። አቮካዶ ደግሞ አንድ ዓመት ከተሸከመ በቀጣዩ ዓመት የመድከም ጠባይ አለው፤ ጥሩ ያፈራበትን ዓመት አይተው ለቤት ሥራ ብር አይበደሩ።

እስከዚያ ድረስ በምን እኖራለሁ?

በመካከል ባለው ባዶ ቦታ ነው። በሰባት ሜትር ርቀት ላይ የተተከሉ ለጋ ችግኞች የሚይዙት መሬት ትንሽ ነው። ማሾ፣ ቦሎቄ፣ ሽንብራ፣ ሽንኩርት ይዝሩ። ማሾ በእኛ ቆላማ ቀበሌዎች ቶሎ ደርሶ ቶሎ የሚሸጥ፣ መሬቱንም የሚያድስ ስለሆነ እኔ እሱን እወዳለሁ። ለሽንኩርቱ የሚሄደው ውሃ ለችግኙም ይደርሳል፤ ከላይ ያስላነው የማጠጣት ጉልበት ለሁለት ይከፈላል ማለት ነው። ከግንዱ ዙሪያ አንድ ሜትር ያህል ግን ነፃ ይተዉ፤ በዚያ ሲያርሙም ዶማ አይስደዱ፣ ሥሩ ላይኛው አፈር ውስጥ ነው።

አንድ ነገር አደራ፦ ቲማቲም፣ በርበሬ፣ ድንችና ደበርጃን አቮካዶ መካከል አይትከሉ። ከእነሱ ጋር የሚዛመት አጠውላጊ የአፈር ፈንገስ አቮካዶንም ይይዛል፤ አፈር ውስጥም ለብዙ ዓመታት ይቆያል። ቲማቲም ገንዘብ እንደሚያመጣ አውቃለሁ፤ ሌላ ማሳ ላይ ያድርጉት።

ጫቴን ነቅዬ አቮካዶ ልትከል?

በአንድ ጊዜ አይንቀሉ። ጫት በዓመት ደጋግሞ የሚቆረጥ ነው፤ ቤተሰቡ በዚያ ዘይትና ደብተር ሲገዛ ኖሮ ድንገት አራት ዓመት ያለ ገቢ ቢቀመጥ፣ በሁለተኛው ዓመት አቮካዶው ተነቅሎ ጫቱ ይመለሳል። ሩቡን ነቅለው ይጀምሩ፤ ያ ሩብ ማፍራት ሲጀምር ሌላውን ሩብ ይንቀሉ። ዝግ ያለ ነው፤ ግን ቤተሰቡን አያስርብም።

የትኛውን ዝርያ ልምረጥ?

ለአካባቢ ገበያ ከሆነ ትልልቅ አረንጓዴ ፍሬ የሚሰጡት ኢቲንገርና ፉዌርቴ በከተማችን ቶሎ ይሸጣሉ። ሃስ ቅባቱ የበዛ፣ ቆዳው ወፍራም፣ ጉዞ የሚችል ነው፤ ሲበስል ግን ቆዳው ስለሚጠቁር የማያውቀው ገዢ የተበላሸ ይመስለዋል። አንዲት እናት ጉሊት ላይ የሃስ ፍሬ አገላብጠው አይተው «ይህማ አርሯል» ብለው ሲመልሱት ቆሜ አይቻለሁ፤ ቆርጬ ውስጡን ባሳያቸው ጊዜ ነው የገዙት።

የሁሉም ዝርያ አበባ አንድ ቀን እንደ ሴት፣ በማግስቱ እንደ ወንድ ሆኖ ይከፈታል፤ የሚለያዩት በሰዓቱ ነው። ሃስ ጠዋት ሴት ሆኖ ሲከፈት፣ ፉዌርቴና ኢቲንገር በዚያው ሰዓት ወንድ ናቸው። ስለዚህ ማሳው አንድ ዓይነት ብቻ አይሁን። 51 ዛፍ ካለዎት 45ቱ ሃስ፣ 6ቱ ኢቲንገር ወይም ፉዌርቴ ተበታትነው ቢቆሙ ይጠቅማል። አንድ ሁለት ቀፎ ማሳው ዳር ያስቀምጡ፤ በአበባ ጊዜም መድኃኒት አይርጩ።

ለማን እሸጣለሁ? መቼስ ልልቀም?

ዋና ገዢዎቻችን የደሴና የኮምቦልቻ ጭማቂ ቤቶች፣ ሆቴሎችና የፍራፍሬ ነጋዴዎች ናቸው። ደሴ ሰኞ ገበያ የሚወጣ ሰው የፈላጊውን ብዛት ያያል። የእኛ ከተሞች አንድ መልካም ነገር አላቸው፤ በዐቢይ ጾምም በረመዳንም አቮካዶ ይፈለጋል፤ አንዱ ዳቦው ላይ ይቀባዋል፣ ሌላው ለኢፍጣር ስፕሪስ ያደርገዋል። ከሲዳማና ከሌላው ደቡብ የሚመጣው ጭነት ሲበዛ ግን ዋጋው ይወርዳል።

እዚህ ላይ አቮካዶ ለገበሬ የሰጠው ትልቅ ጸጋ አለ፤ ዛፉ ላይ እያለ አይበስልም። የሚለሰልሰው ከተቆረጠ በኋላ ነው። ቲማቲም የያዘ ገበሬ ደላላ ባለው ዋጋ ይሸጣል፤ አቮካዶ የያዘ ግን የደረሰውን ፍሬ ዛፉ ላይ ለተወሰኑ ሳምንታት አቆይቶ ገበያውን ሊጠብቅ ይችላል። በጣም ከቆየ ደግሞ የቀጣዩን ዓመት አበባ ይሻማል።

መድረሱን ለማወቅ ከዛፉ ሁለት ሦስት ፍሬ ቆርጠው ቤት ያስቀምጡ። ከአንድ ሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ውስጥ ሳይጨማደድ እኩል ከለሰለሰ ደርሷል። ከተኮማተረና እንደ ላስቲክ ከሆነ አልደረሰም፤ ያን የሸጡለት ጭማቂ ቤት ዳግመኛ አይገዛዎትም። ሲለቅሙ በመቀስ ይቁረጡ፤ ጅራቱን ትንሽ ይተዉለት። ጅራቱ የተነቀለ ፍሬ በዚያች ቀዳዳ መበስበስ ይጀምራል። ዛፍ ማራገፍና በማዳበሪያ ከረጢት አጭቆ መጫን ኪሎውን ሳይሆን ዋጋውን ነው የሚቀንሰው፤ ሣጥን ይግዙ።

ወደ ውጭ አገር መላክስ?

ኮምቦልቻ በጅቡቲ መንገድ ላይ ናት፣ ደረቅ ወደብም አላት፤ ሐሳቡ ሕልም አይደለም። ነገር ግን ላኪ የሚፈልገው በአብዛኛው ሃስን ነው፤ ያውም የጥራት ምስክር ወረቀት ያለው፣ ከተለቀመ ጀምሮ በ5 እና በ6 ዲግሪ ገደማ ቀዝቅዞ የሚጓዝ። አንድ ባለ 40 ጫማ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነር ከ20 ቶን በላይ ይይዛል። የእኛ አንድ ጥማድ በዛፍ 50 ኪሎ ሲሰጥ 2.4 ቶን ነው። ዘጠኝ ዐሥር ገበሬ በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ዝርያ፣ በአንድ ጥራት መልቀም አለበት። ለመላክ የሚያስብ ሰው ከተከላው በፊት ጎረቤቶቹን ያሰባስብ።

ተበድሬ ልጀምር?

በመጀመሪያው ዓመት ክፍያ የሚጀምር ብድር ለአቮካዶ አይሆንም፤ ዛፉ የሚሰጠው በአራተኛው ነው። ቢያንስ የአራት ዓመት የእፎይታ ጊዜ ካልተገኘ፣ ከወለድ ነፃም ሆነ በወለድ፣ ብድሩ ለፓምፕና ለሽንኩርቱ ይሁንና ችግኙ በራስዎ ገንዘብ ይገዛ። መሬቱ የኪራይ ከሆነ የውሉን ዘመን ያስተውሉ፤ ለአምስት ዓመት በተከራዩት መሬት ላይ አቮካዶ መትከል ለባለመሬቱ መትከል ነው።

ከዘር የበቀለ፣ ዓመታት የቆየ የማያፈራ ዛፍ አለኝ። ልቁረጠው?

ይቁረጡት፤ ግን አይንቀሉት። ሥሩ ብዙ ዓመት የለፋበት ሀብት ነው። ግንዱን ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ላይ በመጋዝ ይቁረጡና የማዳቀል ሙያ ያለው ሰው ከሚያፈራ ዛፍ በተወሰደ ቅርንጫፍ ያዳቅልልዎት፤ ወይም በኋላ ከጉቶው በሚያቆጠቁጠው ለጋ ቀንበጥ ላይ ይሥራው። የተረፈውን ግንድ ፀሐይ እንዳያቃጥለው ኖራ ይቀቡት። ሥሩ ትልቅ ስለሆነ አዲሱ ቅርንጫፍ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ያፈራል፤ ከአዲስ ችግኝ ይፈጥናል። እነዚያን ያሞኙኝን 12 ዛፎች እንዲህ ነው ያደረግኳቸው። ዘጠኙ ያዙ፤ ሦስቱን ሁለተኛ ጊዜ ማዳቀል ነበረብኝ።